ተኝቶ መመርመር፣ ነቅቶ መመርመር፦ በኮሎኖስኮፒ ወቅት ሕመምና ሰመመን እንዴት ይለካሉ?

በሐዋሳ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት የማየት ምርመራ፣ የታዘዘለት ሰው ወዳጅ ዘመድ ሲያማክር ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «አስተኝተው ነው የሚሠሩልህ፣ ምንም ሳይሰማህ ያልቃል» ይለዋል። ሌላው «ማደንዘዣ ወስዶ ሳይነቁ ከመቅረት ጥርስን ነክሶ መቻል ይሻላል» ይለዋል። «ያለ ምንም ሕመም» የሚሉ ማስታወቂያዎች ደግሞ ጭቅጭቁን ያባብሱታል። ሁለቱ መካሪዎች የተቃረኑ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ መተኛትንና አለመታመምን አንድ አድርገው ይወስዳሉ። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ግን እነዚህ ለየብቻ የሚለኩ፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው አንዱን አይቶ ሌላውን ከመገመት ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ሥራ

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋውንም፣ ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠውን ሙሉ እንቅልፍም፣ ለኮሎኖስኮፒ በደም ሥር የሚገባውንም «ማደንዘዣ» እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ ቃል በቃል የሚያደነዝዘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። «ሰመመን» በቆየው ትርጉሙ እንቅልፍ ይሁን ንቃት ያልለየለት መፍዘዝ ነው። በሆስፒታል ቋንቋ ደግሞ ሙሉ እንቅልፍንም ይጨምራል። እዚህ ላይ ቃሉን የምንጠቀምበት በመድኃኒት የሚመጣውን፣ ከቀላል መፍዘዝ እስከ ጥልቅ እንቅልፍ ያለውን ሁኔታ በሙሉ ለመጥራት ነው።

መድኃኒቶቹ የሚሠሩት ሥራ ሦስት ነው፦ ማረጋጋትና ማስተኛት፣ ሕመም ማስታገስ፣ ማስረሳት። ሚዳዞላም የዲያዜፓም ዘመድ ነው፤ ያረጋጋል፣ ያስተኛል፣ በተለይ ደግሞ ያስረሳል፤ ሕመም ግን አያስታግስም። ፌንታኒልና ፔቲዲን ዋና ሥራቸው ሕመም ማስታገስ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጡት በጎን ነው። ፕሮፖፎል፣ ያ ወተት የመሰለው መድኃኒት፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ ያስተኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጠ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለቃል። እሱም ሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ እንዲያውም ሲገባ ደም ሥሩን ያቃጥላል። ኬታሚን ማስተኛቱንም ማስታገሱንም ብቻውን ይችላል፤ ነገር ግን ምራቅ ያበዛል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ዓይንም እንደተከፈተ ሊቀር ስለሚችል የእንቅልፉን ጥልቀት በዓይን አይቶ መገመት ያስቸግራል።

ስለዚህ ሚዳዞላም ብቻ ተሰጥቶት ሲያቃስት የቆየ ሰው ከነቃ በኋላ «ምንም አላመመኝም» ሊል ይችላል። አልዋሸም፤ አያስታውስም። ታካሚውን ከምርመራው በኋላ ብቻ የሚጠይቅ ተቋም የሚለካው ትዝታውን ነው፤ ሕመሙን የሚያውቀው በሰዓቱ አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

የሚያመው የት ነው?

የትልቁ አንጀት ርዝመት 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ሲቆረጥም ሆነ ሲተኮስ አያምም። ፖሊፕ፣ ማለትም ከግድግዳው ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ፣ በሽቦ ሲቆረጥ ታካሚው የማይሰማው ለዚህ ነው። አንጀትን የሚያመው መለጠጥ ነው፤ መለጠጡም በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው መንገድ የቱቦው መጠቅለል ነው። ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ የሚገኘው ሲግሞይድ የሚባለው ክፍል ልቅና ጠመዝማዛ ነው። ቱቦው ሲገፋ ጫፉ ባለበት ቆሞ መካከሉ ይጎብጣል፤ አንጀቱን ከጀርባ ጋር የሚያያይዘውን ስስ ሽፋንም ይጎትታል። በምርመራው ውስጥ ከሁሉ የሚያመው ብዙውን ጊዜ ይህ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ በግራ የጎድን አጥንት ሥር ባለው ስፕሊን በሚባለው አካል በኩል ያለው መታጠፊያና ወደ ታች የሚረግበው አግድም ክፍል ይከተላሉ። ሁለተኛው መንገድ አየር ነው። አንጀቱን ለመክፈት የሚነፋው ተራ አየር ቶሎ ስለማይወጣ ሆዱ ከምርመራው በኋላም ተነፍቶ ይቆያል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ተመጥጦ በሳንባ ይወጣል። በአየር ፈንታ ውሃ እየሞሉ መግባትም ሕመሙን ይቀንሰዋል።

እንግዲህ ድንገት የመጣ ጠንካራ ሕመም ለመርማሪው የተላከ መልእክት ነው፤ «ተጠቅልሏል፣ አትግፋ» እያለው ነው። የመጀመሪያው መልስ ቱቦውን ወደኋላ ስቦ ማቃናት፣ አየሩን መምጠጥ፣ በግራ ጎኑ የተኛውን ታካሚ በጀርባው ማስተኛት፣ ረዳቱ ሆድ ላይ እንዲጫን ማድረግ ነው። መድኃኒት መጨመር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። በተግባር ግን፣ በተለይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሲበዛ፣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና መርፌው ይቀድማል። በጥልቀት የተኛ ታካሚ መልእክቱን ጨርሶ አይልክም። ጥልቅ ሰመመንን በጥርጣሬ የሚያዩ ሐኪሞች ዋና መከራከሪያቸው ይህ ነው።

ከ5 እስከ 0

የአሜሪካ የአኔስቴዚዮሎጂስቶች (የሰመመን ሐኪሞች) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው አከፋፈል ሰመመን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጥልቅና ሙሉ ተብሎ በአራት ይመደባል። በመካከላቸው አጥር የለም፤ አንድ ቁልቁለት ናቸው። ለአንዱ መካከለኛ የሆነው መጠን ሌላውን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይከተዋል። በመሆኑም የሚለካው የታካሚው ምላሽ ነው፤ የተሰጠው ሚሊግራም ጥልቀቱን አይናገርም።

ለዚህ ብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የንቃት መመዘኛ ተሻሽሎ የመጣው ነው። ስሙ በተለመደ ድምፅ ሲጠራ ወዲያው የሚመልስ 5 ያገኛል፤ በዝግታ የሚመልስ 4፤ ጮክ ተብሎ ወይም ተደጋግሞ ሲጠራ ብቻ የሚመልስ 3፤ ቀስ ብሎ ሲነቀነቅ የሚመልስ 2፤ የትከሻው ጡንቻ ተቆንጥጦ ካልታመመ የማይመልስ 1፤ ምንም ምላሽ የሌለው 0። ለአብዛኛው ኮሎኖስኮፒ 3 እና 4 ይበቃሉ። 2 ሲደርስ መርፌውን ማስቀመጥ ይገባል። 1 ላይ የአየር መንገዱ ራሱን ችሎ ክፍት ላይቆይ ይችላል።

መለኪያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቋንቋ ግን ይጠይቃል። ከሲዳማ ገጠር የመጡ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናት «እማማ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ» ቢባሉ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ያ 2 አይደለም፤ ያልተረዱት ጥያቄ ነው። በካርድ ላይ የተጻፈው ስምና ሰው ቤቱ የሚጠራበት ስም የተለያዩ የሚሆኑበትም ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በየትኛው ስም እንደሚጠሩ፣ ሲዳምኛ ይሁን ወላይትኛ ወይም ሌላ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰሙ፣ ጆሯቸው ደህና እንደሆነ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አዳማ ላይ ደግሞ ጥያቄው ኦሮምኛን ይመለከታል። ሌላም አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት እዚህ አገር የተለመደ መልስ ነው። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ሐኪም የትንፋሽ መቆራረጥ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ሕመሙ ሲሄድ መድኃኒቱ ብቻውን ይቀራል

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትንሽ የሚወራለት፣ ብዙ የሚጎዳው ይህ ነው። ሕመም ራሱ ቀስቃሽ ነው። መለጠጡ ታካሚውን እንዲነቃና እንዲተነፍስ ይገፋዋል፤ መድኃኒቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። የሚታየው ሁኔታ የሁለቱ ልዩነት ነው።

አንድ የተለመደ አካሄድ እንውሰድ። 50 ማይክሮግራም ፌንታኒልና 2 ሚሊግራም ሚዳዞላም ተሰጠ። ሚዳዞላም ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ቱቦው ወዲያው ገብቶ ሲግሞይድ ላይ ተጠቀለለ፤ ታካሚው አቃሰተ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 1 ሚሊግራም ተጨመረ፤ አሁንም አቃሰተ፤ ሌላ 1 ሚሊግራም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥቅልሉ ተፈታ፣ ቱቦው ወደ አንጀቱ ጫፍ ገሰገሰ። ሕመሙ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ 4ቱም ሚሊግራም ከፌንታኒሉ ጋር በአንድነት ኃይላቸው ላይ ደረሱ። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ትንፋሽን የሚያዳክሙት ከየብቻቸው ድምር በላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቱቦውን እያወጡ አንጀቱን በዝግታ የማየት ሥራ ነው፤ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይወስዳል። የሁሉም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ታካሚው «ጸጥ ብሏል»፤ ክፍሉም ዘና ብሏል። የሰመመኑ ጥልቀት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ግን ልክ በዚህ ሰዓትና ወደ ማረፊያ ክፍል በተወሰደባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው።

መከላከያው ትዕግሥት ነው። ሕመም ማስታገሻው አስቀድሞ ይሰጣል፣ ውጤቱም ይታያል። ለጤነኛ አዋቂ ሚዳዞላም ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሳይጠበቅ አይጨመርም፤ ሲጨመርም ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። በጠቅላላው ከ5 ሚሊግራም ማለፍ እምብዛም አያስፈልግም፤ ለአረጋውያን ደግሞ በግማሽ ያህል ይቀነሳል።

የማይናገርን ሕመም ማንበብ

የነቃ ሰው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ሊናገር ይችላል። በአማርኛ ግን ጥያቄው ራሱ ወጥመድ አለው። «ሕመም አለዎት?» ሲባል ብዙ ሰው ስለ በሽታው ይመልሳል፤ «አሁን ያመዎታል? የቱ ጋ?» ማለት ይሻላል። መልሱም ፍንጭ ይሰጣል። «ነፋኝ» ያለ ታካሚ አየር እንዲመጠጥለት ይፈልጋል። «ቆረጠኝ» ያለው አንጀቱ ተኮማትሯል ወይም ተጎትቷል። ቱቦው ወደኋላ ተስቦ፣ አየሩም ተመጥጦ የማይለቅ ስለታም ሕመም ሲኖር ምርመራው ቆሞ የአንጀት መበሳት መታሰብ አለበት።

ለፈዘዘ ሰው ቁጥሩ አይሠራም። ነርሷ የፊት መኮማተርን፣ ማቃሰትን፣ የሆድ መጠጠርን፣ የጉልበት መሰብሰብን፣ ወደ ቱቦው የሚዘረጋን እጅ ታያለች። በብሪታንያ የሚሠራበት የግሎስተር መለኪያ ይህን ከ1 እስከ 5 ይመዘግበዋል፦ 1 ምንም ምቾት ያልጎደለው፣ 5 ከባድ ሕመም ደጋግሞ የታየበት ነው። እዚያ ያለው የጥራት መመዘኛ መካከለኛና ከባድ ሕመም የታየባቸው ታካሚዎች ከ10 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ነጥቡ በመጨረሻ አንዴ ከሚሞላ ሲግሞይድ ላይ፣ አንጀቱ ጫፍ ላይና በመውጫው ላይ ለየብቻ ቢጻፍ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሕመሙ የቱ ጋ እንደነበር ያሳያልና።

የልብ ምት ብቻውን ያሳስታል። «ካመመው ልቡ ይመታል» የሚለው ግምት እዚህ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ አንጀትን የሚያያይዘው ሽፋን ሲጎተት ቬገስ የሚባለው ነርቭ ተነቃቅቶ ምቱ ይቀንሳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ላብ ያጠምቃል። የአንጀትን መኮማተር ለማርገብ የሚሰጠው ሃዮሲን (በብዙዎች ዘንድ ቡስኮፓን) ደግሞ ሕመም ሳይኖር ምቱን ያፋጥናል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆኑት ቤታ ብሎከሮች ምቱን ስለሚይዙት ሕመሙን ይደብቃሉ። አንጀት ለማጽዳት በተወሰደው መድኃኒት ብዙ ፈሳሽ ያጣ ሰውም ልቡ ፈጥኖ ይመታል፤ ፕሮፖፎል ሲጨመርበት ግፊቱ ይወድቃል። በሐዋሳና አካባቢዋ ጫት መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ጨጓራም ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። ዘወትር አረቄ የሚጠጣ ሰው ደግሞ በተለመደው የሚዳዞላም መጠን ላይተኛ ይችላል።

«ቻል» የሚለው አስተዳደግም በመለኪያው ላይ ይገባል። ከንፈሩን ነክሶ የሚተኛ ታካሚ በነጥብ ወረቀቱ ላይ 1 ይሆናል። አልጋውን ጨብጦ የነጣ እጅ ግን ሌላ ይናገራል።

ኦክሲሜትር ዘግይቶ ይናገራል

ጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንጂ ትንፋሽን አይለካም። ታካሚው መተንፈስ ካቆመ በኋላም በሳንባው የቀረው ኦክስጅን እስኪያልቅ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፤ በአፍንጫው ኦክስጅን ሲሰጠው ደግሞ መዘግየቱ ይረዝማል። ካፕኖግራፍ ይህን ክፍተት ይሞላል። በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞገድ ስለሚያሳይ ትንፋሽ ሲቆም ሞገዱ ወዲያው ይተኛል። የአሜሪካው የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለመካከለኛና ለጥልቅ ሰመመን እንዲኖር ይጠይቃል። ማሽኑ የራሱ ስሕተቶች አሉት፤ በአፉ የሚተነፍስ ወይም የአፍንጫ ቱቦው የተንሸራተተበት ሰው መተንፈስ ያቆመ ይመስላል፤ አንጀቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነፋለት ታካሚም ንባቡ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማም እንዲሁ። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ጤነኛ ሰው የሚጀምረው ባሕር ዳርቻ ካለው ጥቂት ዝቅ ካለ ቁጥር ነው፤ ከ90 በመቶ በታች እስኪወርድ ያለውም ርቀት ያጥራል። ኦክስጅን ከመከፈቱ በፊት መነሻ ቁጥሩን መጻፍ ለዚህ ይጠቅማል። በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ካነበበላቸው ጥቁር ታካሚዎች በ11.7 በመቶው የደም ምርመራው ከ88 በታች ሆኖ አግኝቶታል፤ በነጮቹ 3.6 በመቶ ነበር። እዚህ 93 ላይ መዝናናት አይገባም።

ጥቃቅን ነገሮችም ንባቡን ያበላሻሉ። የደም ግፊት መለኪያውና ኦክሲሜትሩ አንድ እጅ ላይ ከሆኑ በየ5 ደቂቃው እጁ ሲታሰር የኦክስጅን ንባቡ ይጠፋል። በግራ ጎኑ የተኛ ሰው ቀኝ ክንዱ ከልቡ በላይ ስለሚሆን ግፊቱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል አንሶ ይነበባል። ጥቁር ሂናና ደማቅ የጥፍር ቀለም ካሉ ጣት መቀየር ወይም ጆሮ ላይ ማድረግ ነው። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማምረቻ ማሽኑ አብሮ ስለሚቆም የሞላ ሲሊንደርና በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ ከአልጋው አጠገብ መሆን አለባቸው።

ካፕኖግራፍ በሌለበት ዓይንና ጆሮ ይቀራሉ። የኦክስጅን ጭንብሉ ላይ በየትንፋሹ የሚመጣ ጉም፣ አፍንጫ አጠገብ የተዘረጋ መዳፍ፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ስቴቶስኮፕ። ደረቱ መንቀሳቀሱ ብቻ አይበቃም፤ የአየር መንገዱ የተዘጋ ሰው ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ማንኮራፋትንም «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፤ በከፊል የተዘጋ ጉሮሮ ድምፅ ነውና አገጭን ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል።

የአንጎል ሞገድ መለኪያዎችስ?

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከ0 እስከ 100 ወዳለ ቁጥር የሚቀይር ማሽን አለ፤ ስሙ ቢስ ነው፣ ለአማርኛ ጆሮ ባያምርም። ከ40 እስከ 60 የሙሉ ሰመመን ክልል ነው። ለኮሎኖስኮፒ ግን ንባቡ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ገመድ ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል ነው፣ ኬታሚን ሲሰጥም ቁጥሩ ያሳስታል። ሕመምን ከልብ ምት መለዋወጥ ወይም ከጣት የደም ሞገድ የሚገምቱ ማሽኖችም መጥተዋል፤ የልብ ምትን የሚያፋጥኑት ሃዮሲንና አትሮፒን ሲሰጡ ይደናገራሉ። አንድ ብር የሚወጣበት ቦታ ቢመረጥ ካፕኖግራፍ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል።

ማን ይከታተል? የቱስ ይሻላል?

ሙሉ እንቅልፍን የሚደግፉት ወገኖች ታካሚው ምቾት እንደሚያገኝ፣ ሐኪሙም ተረጋግቶ እንደሚሠራ ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ የኢንሹራንስ መዝገብ ጥናት የአኔስቴዥያ ባለሙያ ከገባባቸው ምርመራዎች በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ የደረሱ ችግሮች በ13 በመቶ ከፍ ብለው አግኝቷል። መዝገብ ስለሆነ ግን ሰመመኑ ይሁን የታካሚዎቹ ሁኔታ ያመጣው በእርግጠኝነት አይለይም። በኖርዌይ ብዙ ምርመራዎች ያለ መድኃኒት ይጀመራሉ፤ ታካሚው ሲጠይቅ ይሰጠዋል። ይህ ግን የሠለጠነ እጅና ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀደም ብሎ የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ሴቶችና በጣም ለፈሩ ሰዎችም አይስማማም።

በእኛ ሁኔታ ወሳኙ የመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን የሰው ቁጥር ይመስላል። በመካከለኛ ሰመመን ተከታታይዋ ነርስ አጭር፣ በማንኛውም ሰዓት ሊቋረጥ የሚችል ሥራ ልትረዳ ትችላለች። በጥልቅ ሰመመን ግን ሌላ ምንም ሥራ የሌለው አንድ ሰው ግድ ነው። ሆድ የምትጫነው፣ የፖሊፕ ሽቦ የምታቀብለውና ትንፋሽ የምታየው አንዲት ሲስተር ከሆነች ሦስተኛው ሥራ የለም ማለት ነው። ፕሮፖፎል ማርከሻ ስለሌለው፣ የተለየ ተከታታይና የአየር መንገድ መያዝ የሚችል ባለሙያ በሌለበት ቦታ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ መካከለኛ ሰመመን ይመረጣል። ታካሚው ሲጠይቅም «ተኝቼ ነው ነቅቼ?» ከሚል «ትንፋሼን የሚያየው ማን ነው?» ቢል የበለጠ ያተርፋል።

ከአልጋ እስከ መናኸሪያ

ዓይን መግለጥ መንቃት አይደለም። ለመልቀቅ የሚሠራበት የአልድሬት መለኪያ እንቅስቃሴን፣ ትንፋሽን፣ የደም ግፊትን፣ ንቃትንና ኦክስጅንን እያንዳንዳቸውን ከ2 ይመዝናል፤ ከ10 ቢያንስ 9 ያስፈልጋል። በክንድ ላይ የተተከለው መስመር እስከዚያ አይነቀልም። ታካሚው ለ24 ሰዓት ባጃጅም ሆነ ሞተር አይነዳም፣ ውል አይፈርምም። ምክሩም ለአስታማሚው በጽሑፍ ይሰጣል፤ ታካሚው «እሺ» ያለውን ነገ አያስታውሰውም።

ማርከሻ የተሰጠው ታካሚ ለብቻው ይታያል። ፍሉማዜኒል ሚዳዞላምን ይሽራል፤ በ0.2 ሚሊግራም ተጀምሮ በየደቂቃው እየተደገመ እስከ 1 ሚሊግራም ይሰጣል። ታካሚው በደቂቃ ውስጥ ብድግ ብሎ ሲያወራ ሁሉም እፎይ ይላል። ነገር ግን ማርከሻው ከሚዳዞላሙ ቀድሞ ከሰውነት ይወጣል፤ የፌንታኒልና የፔቲዲን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶንም ከፔቲዲን ቀድሞ እንዲሁ። ከዲላ ወይም ከይርጋለም መጥቶ ወዲያው ወደ መናኸሪያ የሄደ ሰው እንደገና የሚፈዘው መኪና ውስጥ፣ ኦክሲሜትርም ነርስም በሌለበት ነው። ስለዚህ ከማርከሻው በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት በክትትል ሥር ይቆያል፤ የመጨረሻው መኪና የሚያመልጠው ከሆነም ማደሪያው አስቀድሞ ይታሰባል።